የማይዘጋ ቫልቭ፤ በአሮጌ ቤቶች የውሃ መሥመር እድሳት የት እንደሚጀመርና የት እንደሚቆም

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



በአንድ መኖሪያ ቤት የውሃ መሥመር ውስጥ ከሁሉ በፊት መመርመር የሚገባው ዕቃ በቆጣሪው አጠገብ የሚገኘው ዋና መዝጊያ ቫልቭ ነው። የቤቱ ባለቤት ዘወትር የሚያስበው ግን በዐይኑ ስለሚያየው ስለ ሻወሩ፣ ስለ እጅ መታጠቢያው፣ ስለ ወጥ ቤቱ ቧንቧ ነው። ዋናው መዝጊያ ቤቱ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ እንደ ተከፈተ የሚኖር፣ ሣርና አፈር የለበሰ፣ አንዳንዴም ግቢው ሲነጠፍ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ምስኪን ዕቃ ነው። አንድ ሌሊት የቦይለሩ ተጣጣፊ ቱቦ ሲፈነዳ ቤተ ሰቡ ሁሉ በባትሪ ብርሃን ወደዚያ ይሮጣል። እጀታው ይዞራል፤ ውሃው ግን አይቆምም። በዚያች ሰዓት ለአደጋ የሚጋለጠው ምንጣፍና የቤት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ውሃው ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ከደረሰ የሰው ሕይወትም ነው።

ስለ ግድብና ስለ ማከፋፈያ መሥመር መስማት የለመደ ጉባኤ ስለ ግማሽ ኢንች ቧንቧ ሲወራ ፈገግ ሊል ይችላል። ሆኖም ከለገዳዲና ከገፈርሳ የተነሣ ውሃ በመጨረሻ ከሰው እጅ የሚደርሰው በዚያው በግማሽ ኢንች ቧንቧ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ካወረደ ወዲህ አዲስ አበባ በ1930ዎቹ ገፈርሳን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲን፣ በ1990ዎቹ ድሬን፣ እንዲሁም የአቃቂን ጉድጓዶች አግኝታለች። ምንጩ እየታደሰ ሲሄድ የቤቱ ውስጥ መሥመር ግን በተቀበረበት አርጅቷል። በተለይም ከ1940ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ በተሠሩ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ ያለው ዚንክ የተለበጠ የብረት ቧንቧ፣ በተለምዶ ጋልቫናይዝድ የሚባለው፣ ዛሬ ዕድሜውን የጨረሰ ወይም ለመጨረስ የተቃረበ ነው።

በነዚህ ቤቶች የሚገኘው መዝጊያ በብዛት ጌት ቫልቭ ነው። በውስጡ ምላስ የመሰለ የናስ ሽብልቅ አለ፤ እጀታው ሲዞር ዘንጉ ሽብልቁን ወደ ላይ ያነሣዋል ወይም ወደ መቀመጫው ያወርደዋል። ለብዙ ዓመት ሳይነካ ሲቀር ዝገትና ደለል በመቀመጫው ጎድጓዳ ላይ ይጠራቀማል፤ ሽብልቁም ሲወርድ የሚያገኘው ይህን ክምር እንጂ መቀመጫውን አይደለም። ሁለተኛው ደዌ ከውጭ አይታይም። ተራ ናስ አርባ በመቶ ያህል ዚንክ ሊኖረው ይችላል፤ አንዳንድ ውሃ በዘመን ብዛት ዚንኩን እየመረጠ ያወጣውና ቀላ ያለ፣ እንደ ሰፍነግ የተቦረቦረ መዳብ ብቻ ይተዋል። እንዲህ ያለው ዘንግ መልኩ ሳይለወጥ ጥንካሬውን ያጣል፤ በጉልበት ሲያዞሩት ይቆረጣል። ሽብልቁ ከታች ወድቆ ከቀረ ቤቱ ውሃ ያጣል፤ ከላይ ተሰቅሎ ከቀረ ደግሞ ባለቤቱ መዝጊያ ያለው እየመሰለው ያለ መዝጊያ ይኖራል። ከሁለቱ የሚከፋው ይህ ሁለተኛው ነው።

ስለሆነም በአሮጌ ጌት ቫልቭ ላይ ትልቅ የቧንቧ መፍቻ አግብቶ መታገል የጀማሪ ሥራ ነው። አዋቂው በመጀመሪያ የዘንጉን ማጥበቂያ ቆብ በጥቂቱ ያላላል፤ ከዚያም እጀታውን ሩብ ዙር ወደ መዝጋት፣ ሩብ ዙር ወደ መክፈት እያመላለሰ በእጁ ኃይል ብቻ ይፈትነዋል። ይህን ከማድረጉ በፊትም ከቆጣሪው በፊት ያለው መዝጊያ የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጣል። ያ መዝጊያ የውሃ አቅራቢው መሥሪያ ቤት ንብረት ስለሆነ የማይዘጋ ሆኖ ከተገኘ አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከት ያስፈልጋል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው ይህ አንድ ቀን የሚፈጅ ጉዳይ እየተዘለለ ነው።

ባለቤቱ ባለሙያውን ሲጠራ ብዙውን ጊዜ «ቫልቩን ብቻ ቀይርልኝ» ይላል። ቃሉ ከቁጠባ የመጣ ስለሆነ ሊነቀፍ አይገባም። ነገር ግን አርባ ዓመት በሞላው ቧንቧ ላይ «ቫልቩን ብቻ» የሚባል ሥራ ሁልጊዜ አይገኝም። ምክንያቱን ለማወቅ የቧንቧውን ጥርስ መመልከት ይበቃል። መካከለኛ የሚባለው የግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ የግድግዳው ውፍረት 2.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርስ ሲወጣለት ከዚህ ውስጥ 1.16 ሚሊ ሜትር ያህሉ ይቆረጣል። ስለዚህ በጥርሱ ሥር የሚቀረው ብረት 1.5 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ላይ ጥርስ ማውጫው የውጭውን የዚንክ ልባስ ከብረቱ ጋር ይላጨዋል። እንግዲህ መሥመሩ ሁሉ እኩል ቢያረጅ እንኳ ቀድሞ የሚበሳው መገጣጠሚያው ነው። ቧንቧው በመካከሉ ጤናማ መስሎ ሳለ በኤልቦውና በሶኬቱ አፍ ላይ የወረቀት ያህል የሳሳበት ምክንያት ይኸው ነው።

አሮጌውን ቫልቭ ለመፍታት የሚሰጠው ጉልበትም በቫልቩ ላይ አያበቃም። ጥርሱ በዝገትና በድሮ ቃጫ ተጣብቆ እምቢ ካለ ቧንቧው ራሱ ይጠመዘዛል፤ ጥምዘዛው በግድግዳው ውስጥ ሄዶ የሚያርፈው ከሁሉ ደካማ በሆነው መገጣጠሚያ ላይ ነው። ቫልቩ አምሮ ተቀይሮ፣ ሂሳቡ ተከፍሎ፣ ከሳምንት በኋላ ከዚያ ሦስት ሜትር ርቆ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ይረጥባል። ባለቤቱ ባለሙያውን ይከሳል፤ ባለሙያው ቧንቧውን ይከሳል፤ ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ይህን ለማስቀረት አንዱ መፍቻ ቧንቧውን ጸጥ አድርጎ ሲይዝ ሌላው ቫልቩን መፍታት አለበት። ከዚህም የሚሻለው ጨርሶ አለመታገል ነው፤ ቧንቧውን ከቫልቩ አጠገብ በመጋዝ ቆርጦ ቀሪውን ጫፍ መመርመር።

የተቆረጠው ጫፍ ስለ መሥመሩ ሁሉ ይመሰክራል። የብረቱ ግድግዳ ዙሪያውን እኩል ከሆነና አዲስ ጥርስ የሚችል ከሆነ ቫልቩ እዚያው ይተከላል። ግድግዳው በአንድ ወገን ሳስቶ ከተገኘ፣ ወይም ጥርስ ማውጫው ገና ሲነካው ከተሰነጠቀ፣ ወደ ኋላ እስከሚቀጥለው መገጣጠሚያ መሄድ ግዴታ ነው፤ እዚያም ያው ከሆነ ሥራው የቫልቭ ለውጥ መሆኑ ቀርቶ የመሥመር ለውጥ ሆኗል ማለት ነው። ይህ ዕድል መኖሩን ለባለቤቱ መንገር የሚገባው ውሃው ከመዘጋቱ፣ መጋዙም ከመነሣቱ በፊት ነው። ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ የሚነገር ዋጋ ምክር መሆኑ ይቀርና ማስገደድ ይሆናል፤ የውሃ ጠማው ሰው ምርጫ የለውምና። የተቆረጠውን ቁራጭ ሳይጥሉ በባለቤቱ እጅ ላይ ማኖርም ጥሩ ልማድ ነው። በውስጡ ያለውን የዝገት ጉብታ በጣቱ የዳሰሰ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ስለ ዝገቱ ጉብታ ሲነሣ ጥቂት ሂሳብ መሥራት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የውሃው ግፊት ቀነሰ የሚለው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ከከተማው መሥመር ሳይሆን ከቤቱ ቧንቧ የሚመነጭ ነው። የግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ አዲስ ሳለ የውስጥ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለአንድ ሻወር የሚበቃ ውሃ፣ በሰከንድ 0.1 ሊትር፣ በ15 ሜትር ርዝመት ውስጥ ሲያልፍ የሚያጣው ግፊት ግማሽ ሜትር የውሃ ከፍታ ያህል ነው። ዝገቱ ስፋቱን በግማሽ ሲቀንሰው ግን ኪሳራው በእጥፍ አይወሰንም፤ ሠላሳ ጊዜ ያህል አድጎ ወደ 14 ሜትር ይደርሳል። ውሃው ከሻወሩ በላይ አራት ሜትር ከፍታ ካለው ሮቶ የሚወርድ ከሆነ ያ ሻወር ከማንጠባጠብ ብዙ አያልፍም። ባለቤቱ ግን ፓምፕ ይገዛል። ፓምፑም ያረጀውን መገጣጠሚያ የባሰ ያስጨንቀዋል።

ያንኑ ሂሳብ ባለሙያውም በራሱ ሥራ ላይ ሊያውለው ይገባል። ዛሬ አሮጌውን ብረት የሚተካው በአብዛኛው ፒፒአር የሚባለው ፕላስቲክ ቧንቧ ነው። የፒፒአር ስም የሚጠራው በውጭ ስፋቱ ነው፤ የብረቱ የኢንች መጠሪያ ግን የውስጡን ስፋት የሚያስታውስ የቆየ ስም ነው። በዚህ ልዩነት ሳቢያ «የግማሽ ኢንች ምትክ» ተብሎ የሚሸጠው ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር፣ ፒኤን 20 የተባለው ዐይነት፣ ግድግዳው 3.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ውስጡ 13.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የፕላስቲኩ ልስላሴ ጥቂት ቢክስም እንኳ የግፊቱ ኪሳራ ከአዲሱ የብረት ቧንቧ በ70 በመቶ ያህል ይበልጣል። ባለ 25ቱ ግን ውስጡ 16.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የብረቱን ቦታ በሚገባ ይሸፍናል። ከሮቶ በከፍታ ብቻ በሚወርድ ውሃ ለሚተዳደር ቤት በዋናው መሥመር ላይ ባለ 20 መዘርጋት፣ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የቱንም ያህል ቢሆን፣ ባለቤቱን መጉዳት ነው።

ፒፒአር ሌላም ጠባይ አለው። በ260 ዲግሪ ሙቀት ተቃጥሎ ይገጣጠማል፤ ባለ 20ው አምስት ሰከንድ፣ ባለ 25ቱ ሰባት ሰከንድ ያህል ይሞቃል። ከዚያ በላይ ያቆየው ሰው ፕላስቲኩን በውስጥ በኩል አቅልጦ የቧንቧውን አፍ በራሱ እጅ ያጠብበዋል፤ ከዝገት ለመሸሽ የተደረገው ወጪ በአንድ ደቂቃ ችኮላ ይባክናል። በሙቀት ሲረዝምም ከብረት አሥር እጥፍ በላይ ነው፤ 10 ሜትር የሙቅ ውሃ መሥመር በ40 ዲግሪ ሲሞቅ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ መታጠፊያና መፈናፈኛ ሳይተውለት በግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጎ መቸንከር አይገባም። በጣራና በውጭ ግድግዳ ላይ ፀሐይ ስለሚያደርቀው መሸፈን ያሻዋል።

አዲሱና አሮጌው የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች፣ ሁለት የተለያዩ ዕድሜዎች የሚጋጠሙበት ስለሆነ ቢያፈስስ የሚያፈስሰው እዚያ ነው። እንግዲህ ይህ መጋጠሚያ ዩኒየን ተደርጎለት ዐይንና እጅ በሚደርስበት ሥፍራ መሆን አለበት፤ በልስንና በሴራሚክ ሥር መቀበር የለበትም። መሥመሩን ሁሉ ለመለወጥ አቅም ለሌለው ባለቤት ደንቡ እንዲህ ቢሆን ይበጃል፤ እድሳቱ በግድግዳው መካከል አይቁም፣ ከግድግዳው ሲወጣ ይቁም። መዳብ ለሚጠቀም ሰውም አንድ ነገር ይበቃል፤ በውሃው አካሄድ መዳብ ከጋልቫናይዝዱ በፊት አይግባ፣ ከመዳቡ የሚታጠበው ቅንጣት ዚንኩንና ብረቱን ይበሳልና።

አሮጌው ጌት ቫልቭ ሲነሣ በቦታው የሚገባው ቦል ቫልቭ ነው፤ ምርጫው ትክክል ነው። በሩብ ዙር ይከፈታል፣ በሩብ ዙር ይዘጋል፤ እጀታውን በማየት ብቻ ክፍት ይሁን ዝግ ይታወቃል፤ ሕፃን እንኳ በጨለማ ሊዘጋው ይችላል። ይኸው ፍጥነቱ ግን ጣጣ አለው። ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው የሚሮጥ ውሃ በድንገት ሲቆም ግፊቱ ከፍጥነቱ ጋር ተመጣጥኖ ይዘልላል። በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ አንድ ሜትር የሚሄድ ውሃ በድንገት ቢዘጋበት ጭማሪው 12 ባር ያህል ሊሆን ይችላል፤ ጥርሱ ለሳሳ አሮጌ መሥመር ይህ የመዶሻ ምት ነው። ስለዚህ አዲስ ቦል ቫልቭ በአሮጌ ብረት ላይ የተከለ ባለሙያ ባለቤቱን ቀስ ብሎ መዝጋት ማስተማር አለበት። ውሃ ለመቀነስ ሲባል በግማሽ ከፍቶ መተውም የውስጥ መቀመጫውን ያበላሻል። ቦል ቫልቭም ቢሆን በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ካልተነካካ ይነክሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው፣ በሥራ ቦታም ሲጠየቅ ብዙም የማይሰማው ጉዳይ የኤሌክትሪክ ነው። በአሮጌ ቤቶች የመሬት ሽቦ ከውሃ ቧንቧ ጋር ታስሮ ይገኛል። ድሮ ቧንቧው ከቤት እስከ ጎዳና ድረስ ብረት ስለ ነበረ በምድር ውስጥ የተቀበረ ዘንግ ሆኖ ያገለግል ነበር። የቧንቧ ሠራተኛው ከዚህ ብረት ላይ አንድ ሜትር ቆርጦ ፕላስቲክ ሲያስገባ ግን የውሃው መንገድ ሲቀጥል የኤሌክትሪኩ መንገድ ይቋረጣል። ቤቱ በዚያ ቀን ምንም አይሆንም፤ መብራቱ ይበራል፣ ቦይለሩ ያሞቃል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የቦይለሩ ማሞቂያ ሽፋን ሲሰነጠቅ ወደ መሬት መሄድ የነበረበት የኤሌክትሪክ ጅረት መሄጃ አጥቶ በቦይለሩ ገላና በቀረው ብረት ላይ ይቆያል፤ መሬት የሚያገኘውም እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ የሻወሩን እጀታ በሚጨብጥ ሰው በኩል ነው። ሞቱ የቦይለሩ ጥፋት ተብሎ ይነገር ይሆናል፤ ሥሩ ግን ከዓመታት በፊት የተደረገ የቧንቧ ለውጥ ነው።

ለሠራተኛው ለራሱም አደጋው ያው ነው። ጅረት የተሸከመ ቧንቧ ቆርጦ ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጁ የያዘ ሰው የተቋረጠውን መንገድ በደረቱ ይቀጥለዋል። ስለዚህ ብረት ቧንቧ ከመቆረጡ በፊት ዋናው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ይዘጋ፤ ቧንቧው በመሞከሪያ ይፈተን፤ መቁረጫው በወዲህና በወዲያ በወፍራም ሽቦ ይታሰር። በፕላስቲክ የሚተካ ከሆነም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳይጠራ ሥራው አይጀመር፤ ለቤቱ የራሱ የመሬት ዘንግ ተተክሎ፣ በ30 ሚሊ አምፔር ኃይል የሚያቋርጥ መከላከያ ገብቶለት፣ የቦይለሩ መሬት ሽቦ ከዚያ ጋር መገናኘቱ ተለክቶ መታየት አለበት። የኤሌክትሪክ ሥራ የሌላ ሙያ ነው የሚል መልስ እዚህ ላይ አይሠራም፤ መንገዱን የቆረጠው የቧንቧ መጋዝ ነውና።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የአሮጌ መሥመር ጉዳት ሌላም መልክ አለው። ውሃው ሲሄድ ቧንቧው ባዶ ይሆናል፤ አየር ይገባል፤ እርጥቡ ብረት ኦክስጅን አግኝቶ ከሙሉ ቧንቧ ይልቅ ፈጥኖ ይዝጋል። ውሃው ሲመለስ አየሩን እየገፋ ዝገቱን ያራግፋል፤ የመጀመሪያው ባልዲ ቀይ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ከቀይ ውሃ የሚያሰጋው ግን የማይታየው ነው። ባዶ የሆነ መሥመር ይስባል፤ በተበሳው ጥርስ በኩል በግቢው ያለውን እርጥበት፣ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ በተነከረው ጎማ በኩል የሳሙናውን ውሃ ወደ ውስጥ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ዋናው መዝጊያ በሚለወጥበት ቀን ከእርሱ ቀጥሎ ቼክ ቫልቭ መትከል አስተዋይነት ነው። መሥመሩ ተከፍቶ ሳለ ተጨማሪው ድካም ትንሽ ነው፤ ከሮቶው የወረደው ውሃም ፈረቃው ሲቋረጥ ወደ ጎዳናው እንዳይመለስ ያደርገዋል።

አዲሱ መሥመር ከአሮጌው ጋር ከመገናኘቱ በፊት ለብቻው ይፈተናል፤ ከሥራ ግፊቱ በአንድ ተኩል እጥፍ። አሮጌውን ጨምሮ በዚህ ግፊት የሚፈትን ሰው የማያስፈልግ ጉዳት ፈልጎ ይገባል። ቀጥሎም እያንዳንዱ ቧንቧ፣ ከቆጣሪው የቀረበው ቀድሞ የራቀው ኋላ፣ ጥራጊው እስኪጠራ ድረስ ተከፍቶ ይታጠባል፤ የሻወሩና የቧንቧዎቹ ወንፊት አስቀድሞ ይወልቃል፣ አለዚያ የተራገፈው ዝገት እዚያ ይታሰራል። ከዚያም አምስት በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊ ሊትር ሂሳብ ተጨምሮ ለአንድ ሰዓት በመሥመሩ ውስጥ ይቆይና ተጠራርጎ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ማንም እንዳይጠጣና እንዳይታጠብ ለቤተ ሰቡ ሁሉ፣ ለሠራተኛይቱም ጭምር፣ አስቀድሞ ይነገራል።

በመጨረሻም ወረቀቱ አለ። የተለወጠው ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ በግድግዳ ውስጥ የቀረው አሮጌ ብረት የት እንዳለ፣ መጋጠሚያው በየትኛው ሥፍራ እንደሚገኝ፣ የመሬት ሽቦው መቼና በማን እንደተፈተነ በአንድ ገጽ ንድፍ ተጽፎ፣ ቀኑና የሠራው ሰው ፊርማ ሰፍሮበት፣ ውሃ በማያስገባ ነገር ተጠቅልሎ በቆጣሪው ሳጥን ክዳን ውስጥ ይለጠፍ። የሚቀጥለው ባለሙያ ከአሥር ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ምናልባትም በሌሊት፣ የሚከፍተው መጀመሪያ ያንን ሳጥን ነው።